ጃንሆይ ያደሩበት ሆቴል

ከአሜሪካ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም የሚወርደው ወገናችን አስቀድሞ ጎልጎታን ይሳለማል ብሎ የሚያስብ ካለ የዋህ ነው። አስቀድሞ የሚሳለመው ኪንግ ዴቪድ ሆቴልን ነው። ሻንጣው ከታክሲ ሳይወርድ ስልኩ ወጥቷል፤ ከኋላ ሮዝ ድንጋይ የለበሰው ሕንፃ፣ ከፊት የራሱ ፊት፣ ከሥር «ጃንሆይ ያረፉበት ደርሰናል፣ ክብር ለእግዚአብሔር» የሚል ጽሑፍ። እሰይ! መሳለም እንዲህ ነው። አባቶቻችን የሱዳንንና የግብፅን በረሃ በእግራቸው ሲያቋርጡ ገሚሱ በውኃ ጥም፣ ገሚሱ በሽፍታ እጅ አልቆ፣ የተረፉት ደርሰው በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ጎጆ መቀለሳቸው የጉዞ ወኪል ስላልነበራቸው ብቻ ነው።

ሆቴሉ ይደነቃል፣ ማን ይክዳል። በ1931 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ገንዘቡ ከግብፅ አይሁድ ባለባንኮች፣ ንድፉ ከስዊስ አርክቴክት መጣ። አዳራሾቹን ያስጌጠውም ስዊሳዊ ነው፤ ከአሦር ጥቂት፣ ከኬጢያውያን ጥቂት፣ ከፊንቄ ጥቂት እየቆነጠረ ቀባባቸው። በዚህ ጥበብ ሕንፃው በተከፈተ ማግስት የ3 ሺህ ዓመት ዕድሜ ነበረው። የታላላቅ እንግዶች ፊርማ ዛሬ ሎቢው ወለል ላይ ተነጥፏል፤ ወገናችን የሻንጣውን ጎማ በአንድ አገር መሪ ስም ላይ አቁሞ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ይጠይቃል።

የሆቴሉ ልዩ ሙያ ግን ዙፋን የጠፋበትን ንጉሥ ማስተናገድ ነው። የስፔኑ አልፎንሶ 13ኛ አገራቸው ሪፐብሊክ ሲሆን ወጥተው እዚህ አርፈዋል። የግሪኩ ጊዮርጊስ 2ኛ ጀርመኖች አቴንስን ከያዙ በኋላ እዚህ ከርመዋል። በሁለቱ መካከል የኛው ንጉሠ ነገሥት አሉ። ማይጨው ላይ ጦራቸው ከተፈታ በኋላ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሡ፤ ጅቡቲ ላይ ኢንተርፕራይዝ በሚባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። ገና ባሕር ላይ ሳሉ፣ ሚያዝያ 27፣ ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። እሳቸው ሚያዝያ 30 ሐይፋ ወርደው ወደ ኢየሩሳሌም ቀጠሉ። የክፍላቸው በር ሲከፈትላቸው የአገራቸው በር ተዘግቶ ነበር።

ወገናችን የሚመኘው አልጋ እንግዲህ ይህ ነው። «የትኛው ክፍል ነው ያደሩት?» እያለ እንግዳ ተቀባዩን ሲያስጨንቅ ታገኙታላችሁ፤ ወጣቱ ፈገግ ይላል፣ ፈገግታው በአዳሩ ዋጋ ውስጥ አለ። ጃንሆይ እዚያ በቆዩባቸው ሁለት ሳምንት ያህል ምን ያህል ሌሊት እንቅልፍ እንደወሰዳቸው የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። ማን ይጠይቃል? ሰው ለአልጋው ይከፍላል እንጂ ለጭንቀቱ አይከፍልም። ከዚያ አልጋ ተነሥተው ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ መርዙ ጋዝ የተናገሩትን ንግግር ከመስማት ይልቅ፣ የተደገፉትን ትራስ መደገፍ በብዙ ይቀላል።

በዚህ ሁሉ መሐል አልጋውን የሚያነጥፍ ሰው አለ። በእስራኤል ሆቴሎች ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል ብዙ ኤርትራውያን ስደተኞች ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ ሲናን አቋርጠው የገቡ ናቸው። ስደት ያው ስደት ነው፤ ልዩነቱ ዘውድ የሌለው ስደተኛ በሠራተኛ በር መግባቱ ነው። ፊርማም አይጠየቅም፣ ከሰዓት መቆጣጠሪያው ወረቀት በቀር።

ቁርስ ላይ ደግሞ ትንሽ ችግር አለ። ወገናችን የመጣው በሰሙነ ሕማማት ነው፤ ሁዳዴን እንደ ምንም ይዟል። የእስራኤል ሆቴል ቁርስ ጾመኛን ለመፈተን የተዘረጋ ይመስላል፦ አይብ በየዓይነቱ፣ እንቁላል፣ እርጎ፣ በጭስ የደረቀ ዓሣ። በዚያ ላይ የአይሁድ ፋሲካ ከኛ ሕማማት ጋር ሲገጥም እርሾ የነካው ነገር ሁሉ ከሆቴሉ ይወጣል፤ ዳቦ የለም፣ ያለው ቂጣ ነው። ስለዚህ ሰሐኑን ይዞ ይዞር ይዞርና ቲማቲም፣ ወይራና ቂጣ ጭኖ ይመለሳል። እናቱ አገር ቤት በነጻ የምታበላውን የጾም ምግብ በዶላር ተቀምጦ ይበላል። ሒሳቡ ግን ከአዳሩ ጋር ስለተከፈለ ዝም ብሎ መነሣት አንጀቱ አይችልም፤ በአይቦቹ በኩል አንድ ዙር ይደግማል፣ ለማየት ብቻ።

ከቁርስ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ ሌላ ታሪክ አለ፤ ያኛው ለፎቶ አይመችም። ሐምሌ 15 ቀን 1938 ዓ.ም. የሆቴሉ ደቡባዊ ክንፍ የእንግሊዝ ሞግዚት አስተዳደር ቢሮ በነበረበት ጊዜ፣ ኢርጉን የተባለው የአይሁድ ታጣቂ ቡድን በወተት ቢዶን ፈንጂ አስገብቶ ምድር ቤት አስቀመጠ። ክንፉ ተደረመሰ፤ 91 ሰው ሞተ፣ ከእንግሊዙም ከዐረቡም ከአይሁዱም። ይህ ሁሉ «ታሪካዊ ሆቴል» በሚለው ስያሜ ተጠቅልሎ ያልፋል። ስብርባሪ ለማንም ቁርስ አይስማማም።

ከዚያ ጉብኝት ይወጣል። ከመንገዱ ማዶ በ1933 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የወወክማ ሕንፃ ከነግንቡ ቆሟል፤ አርክቴክቱ በኒውዮርኩ ኤምፓየር ስቴት ሥራ እጁ ያለበት ሰው ነው። አንድ ፎቶ። ወረድ ሲል የሞንቴፊዮሬ የነፋስ ወፍጮ፣ አንድ ፎቶ። ማሚላ የገበያ ጎዳና ላይ ፎቶው ይበዛል፤ እዚያ ሁለት ሰዓት ይጠፋል፤ ለሚስት ቦርሳ፣ ለልጅ ጫማ። ቅድስት አገር መጥቶ ባዶ እጅ መመለስ ነውር ነዋ። በያፎ በር ገብቶ፣ የዐረቦቹን ገበያ አልፎ፣ ደረጃ ወጥቶ ዴር ሱልጣን ሲደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ውኃውም ያለቀው ቅድም ነው።

ዴር ሱልጣን የጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ነው። መሐሉ ላይ ከታች ላለው የቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ብርሃን የሚያስገባ ጉልላት ብቅ ብሏል፤ ዙሪያውን መነኮሳቱ የሚኖሩባቸው ዝቅ ያሉ የጭቃ ጎጆዎች። የአርባዕቱ እንስሳና የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤቶች አሉ፤ ግድግዳው ላይ ንግሥተ ሳባ ለሰሎሞን ገጸ በረከት ታቀርባለች። ይህ ቦታ እንደ ሆቴሉ ካርድ ሲነካ አረንጓዴ የሚበራ ቁልፍ የለውም። ቁልፉ ለብዙ ዘመን በግብፅ ኮፕቶች እጅ ቆይቶ በ1970 እ.ኤ.አ. በፋሲካ ሌሊት፣ እነሱ ታች ሲጸልዩ፣ መቆለፊያዎቹ ተቀይረው በኛ መነኮሳት እጅ ገባ። የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዓመቱ «ለኮፕቶቹ ይመለስ» ሲል ወሰነ፤ መንግሥት ነገሩን በእንጥልጥል አቆየው፤ እስከ ዛሬም እንደተንጠለጠለ ነው። በሆቴሉ መዋኛ ዳር ወንበር በፎጣ ይያዛል። እዚህ ጣሪያ ላይ በ2002 እ.ኤ.አ. አንድ የኮፕት መነኩሴ ወንበሩን ከፀሐይ ወደ ጥላ ቢያስጠጋ በተነሣው ጠብ 11 ሰው ቆሰለ።

ወገናችን ይህን ሁሉ የሚጎበኘው ቆሞ ነው፤ መቀመጫ ቢፈልግም ወንበር መንካት አይመከርም። ያገኘውን አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መስቀል ይሳለምና ወዲያው ምክሩን ይጀምራል፦ «አባ፣ ለምን አታሳድሱትም? ፈንድ እኮ ማሰባሰብ ይቻላል።» ከዚያም ሳይጠየቅ፣ «እኔ ያረፍኩት ጃንሆይ ያረፉበት ሆቴል ነው።»

«እሳቸውማ ሄዱ፣ ልጄ» ይሉታል አባ። «እኛ ነን የቀረነው።»

ወገናችን ይህን እንደ ቡራኬ ተቀብሎ፣ ሃያ ዶላር ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ከትቶ፣ ወርዶ ይሄዳል። በኢትዮጵያ ጎዳና ያለውን፣ ዐፄ ዮሐንስ አስጀምረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመውን ክቡን ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ለነገ ያደርገዋል፤ ነገ ግን የሙት ባሕር ጭቃ ቀጠሮ አለው።

እኔ የምለው፣ ጥፋቱ የመነኮሳቱ ነው። ገበያ አያውቁም። ወገን ለታሪክ በአዳር መክፈል እንደሚወድ እያዩ ታሪኩን በነጻ ያስጎበኛሉ። ጎጆዎቹ «ስዊት» ይባሉ፤ «የጣሪያ ላይ እይታ» የሚለውን ሌላው ሆቴል ይዋሻል፣ እዚህ እውነት ነው። የሌሊቱ ማሕሌት «የማንቂያ አገልግሎት» ተብሎ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ሽሮው «የገዳም ቁርስ» ይባል፤ ያኔ ወገናችን ራሱ ወረፋ ይይዛል፣ ፎቶም ያነሣል። የቀረው ዋይፋይ ነው። ለእሱ ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር መመታት አለበት፤ ከሚካኤል ጸሎት ቤት ጣሪያ ድንጋይ ከወደቀ በኋላ በ2018 እ.ኤ.አ. እድሳት ሲጀመር የኮፕት መነኮሳት ተቃውመው ፖሊስ የገባበት ቦታ ስለሆነ፣ ሚስማሩን ማን ይመታል የሚለው እስኪወሰን ድረስ እንግዶች የራሳቸውን ዳታ እንዲጠቀሙ በትሕትና ይጠየቃሉ።