ሂማላያ ልወጣ ነው፤ እማዬ ግን አትስማ

ዶሃ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም፣ ሶደሬ፤

እማዬ፣ ልጆቹ፣ ከሰው እጅ ዳቦ የሚነጥቁት ጦጣዎች ሳይቀሩ ደህና ናቸው? ሥራዬ ያው ነው፤ የሆቴሉ ዋና ገንዳ ዳር ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰው እንዳይሰምጥ እጠብቃለሁ። ሶደሬ ፍል ውሃ ውስጥ ስንንቦራጨቅ «ይሄ ልጅ ከውሃ ምን ሊያተርፍ ነው?» ያሉኝ ሁሉ ይኸው እንጀራ እንዳተረፍኩ ንገሪያቸው። እዚህ በበጋ ውሃው ስለሚግል በማሽን ያቀዘቅዙታል። የእኛ ውሃ ራሱ ሞቆ ከመሬት ይወጣል፣ ለመብራት ኃይልም አይከፈልበትም ብላቸው ጉራ የነዛሁ ይመስላቸዋል።

አንድ ወሬ አለኝ። እማዬ አጠገብሽ ካለች ከዚህ በታች ያለውን ጮክ ብለሽ አታንብቢው።

ከእኔ ጋር የሚሠራው፣ ፎጣ የሚያድለው ልጅ ኔፓላዊ ነው። እናቱ ታማ በተነሳች ጊዜ ሙክቲናት ሄጄ እሳለማለሁ ብላ ተስላለች። ስለቷን እንድታደርስ ይዟት የሚሄደው እሱ ነው፤ አጃቢ ሆኜ እንድሄድ ደግሞ እኔን ለመነኝ። ስለት ያለበትን ሰው እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ደግሞ ደሞዝ ገብቶ ነበር፤ እሺ አልኩት።

ሙክቲናት ከአናፑርና ተራሮች ጀርባ፣ ሙስታንግ በሚባል አውራጃ፣ 3,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሂንዱዎች ቪሽኑ የተባለውን አምላካቸውን ምስል ሊሳለሙ ይመጣሉ። ቡድሂስቶች ያንኑ ምስል ቼንሬዚግ ነው ብለው ይሰግዱለታል። ቦታውን የሚጠብቁት ደግሞ ቡድሂስት ሴት መነኮሳት ናቸው። «አትጣሉም እንዴ?» ብለው «በምን?» አለኝ። ዝም አልኩ። እኛስ ዝቋላን ምን አድርገናል? አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ አንበሳና ነብራቸውን አስከትለው የጸለዩበት ተራራ ብለን በጥቅምትና በመጋቢት 5 እንወጣለን። በአባቶቹ እምነት የጸናው ኦሮሞም ያንኑ ተራራ፣ አናቱ ላይ ያለውንም ሐይቅ፣ ከጥንት ጀምሮ ያከብረዋል። መንገድ ላይ ተገናኝተን «አቦ ይርዳን» ተባብለን እናልፋለን እንጂ ማን ማንን የማን ነህ ይላል?

ችግሩ ውሃው ነው፣ እታለም። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ በግማሽ ክብ የተደረደሩ 108 የበሬ ራስ ቅርጽ ያላቸው አፎች አሉ፤ ከሁሉም ውሃ ይወርዳል። ተሳላሚው ራቁቱን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሥር ለሥር ይሮጣል፤ ያ እንዳይበቃው ሁለት ኩሬ ውስጥ ይነከራል። በቪዲዮ አሳየኝ። ሰዉ ከዚያ ሲወጣ የሚጮኸው በጸሎት ነው ወይስ በብርድ መለየት አቃተኝ። የሚገርመው እዚያው አጠገብ ጅዋላ ማይ በምትባል ትንሽ ቤተ ጸሎት ውስጥ ከመሬት የሚወጣ ጋዝ ሌት ተቀን ሰማያዊ ነበልባል ሆኖ ይነድዳል። «እሳቱ እዚህ፣ ውሃው እዚህ! ምናለ አንድ ላይ ብታደርጓቸው?» አልኩት። ሶደሬ ላይ ሁለቱ ከታረቁ ስንት ዘመናቸው! እሱ ግን ውሃው ካላንቀጠቀጠ ኃጢአት አይለቅም ባይ ነው። ለብ ባለ ውሃ ያደግን ሰዎች ታዲያ ምን ልንሆን ነው?

ቀን እንቁረጥ ብለን ደግሞ ተቀመጥን። እኔ 2018 ስል እሱ 2082 አለ። ቁጥር ያምታታ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በእነሱ አቆጣጠር እውነትም 2082 ነው። እኛ ከፈረንጅ ወደ ኋላ ስንቀር እነሱ ቀድመው ሄደዋል። አንድ ዶርም ውስጥ በሁለት ፎቅ አልጋ የምንተኛ ሰዎች በመካከላችን 64 ዓመት አለ። ደሞዛችን በፈረንጅ ስለሚቆጠር በዚያው ተስማማን።

ወረቀቱ ነው ወገቤን የሰበረው። ለብዙ አገር ሰው ኔፓል ሲደርስ ኤርፖርት ላይ ቪዛ ይመቱለታል፤ የእኛ ፓስፖርት ከዚያ ዕድል ውጭ ከሆኑት ጥቂቶች ስለሆነ አስቀድሜ ኤምባሲ መሄድ አለብኝ። ወደ አናፑርና ለመግባት የውጭ አገር ሰው 3,000 ሩፒ ይከፍላል። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ፈረንጁም ሐበሻውም ፈቃድ ያለው መንገድ መሪ ሳይዝ እዚያ በእግር መጓዝ ክልክል ነው። «አንተ የአገሩ ልጅ አይደለህም እንዴ?» ብለው «ልጅ ነኝ፣ ፈቃድ ግን የለኝም» አለኝ። ከዚያ ጫማው፣ ምርኩዙ፣ የብርድ ልብሱ፣ የራስ መብራቱ፣ ለከፍታ የሚዋጠው ክኒን። እማዬ ዝቋላን የወጣችው በሸዳ ጫማ፣ በሶዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው። 2,989 ሜትር! ፈቃድ የጠየቃት የለም፤ መንገድ መሪዋም ከፊቷ የምትሄደው ሴትዮ ነበረች።

ልጁ «ኢትዮጵያውያን የደጋ ሰዎች ናችሁ፣ ከፍታ አይነካህም» ይለኛል። ከሜዳ ተነስቶ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች ደማቸው ሲመረመር ሄሞግሎቢኑም ኦክስጅኑም ባሕር ወለል ላይ ካለ ሰው እምብዛም የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል፤ እንደ ቲቤቱም እንደ አንዲሱም አይደለም። ደስ ይላል፤ ግን እኔ የአዋሽ ዳር ልጅ ነኝ። የእኔ ደም የሚያውቀው ወባን ነው። ዶሃ ደግሞ ጉብታ እንኳ የላት፣ ስለዚህ ማታ ማታ በሆቴሉ የአደጋ ጊዜ ደረጃ የውሃ ጠርሙስ ተሸክሜ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ጥበቃው ዕቃ የማሸሽ መስሎት ቦርሳዬን ፈትሾ ውሃ ብቻ ቢያገኝ ይበልጥ ጠረጠረኝ።

መንገዱን እንዲህ አስበነዋል። ከፖካራ እስከ ጆምሶም በትንሽ አውሮፕላን 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ረፋዱ ላይ ኃይለኛ ነፋስ ስለሚነሳ የሚበረው በጠዋት ብቻ ነው። ከዚያ ካሊ ጋንዳኪ ወንዝን ይዘን ካግቤኒ እናድርና ወደ ላይ እንወጣለን። ከ3,000 ሜትር በላይ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር የበለጠ ከፍ ብሎ ማደር አይመከርም፤ ስለዚህ መካከል ላይ አንድ መንደር እናድራለን፤ እናትየዋ የምትወጣው በፈረስ ነው። የልጁ አጎት 5,416 ሜትር በሆነው በቶሮንግ ላ በኩል ዞረን እንምጣ ብለው ነበር። በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. በዚያ አካባቢ የበረዶ ማዕበል ከ40 በላይ ሰው ስለ ፈጀ እኔም እናትየዋም አንድ ላይ እምቢ አልን። ቋንቋ ሳንግባባ የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው።

«መኪና አይገባም እንዴ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ይገባል፤ ጂፑም አውቶቡሱም መንደሩ ድረስ ይደርሳል። ቁልቢስ መኪና አይገባም? ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ በአዳማ ስንት አውቶቡስ ያልፋል፤ ከዚያ ሁሉ መካከል ድንጋይ ተሸክሞ በእግሩ የሚሄድ ይኖራል። ገብርኤል መኪና ጠልቶ አይመስለኝም።

በወንዙ ዳር ጥቁር ጥቁር ድንጋይ ይለቀማል፤ ሲሰበር ውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዘ የጥንት የባሕር እንስሳ ቅሪት አለው። ሻሊግራም ይሉታል፤ ቪሽኑ ነው ብለው ቤታቸው ያኖሩታል። ያ ሁሉ ተራራ ድሮ ባሕር ውስጥ ነበር ማለት ነው። ለእማዬ ላምጣላት ብዬ አስቤ የምትለኝ ታወቀኝና ተውኩት። ለእሷ ሻይ ቅጠል ይበቃታል።

በብድር ምላሽ ልጁ ለመጋቢት 5 እኛ ጋ ይመጣል፤ ዝቋላ ይዤው እወጣለሁ። አደራ፣ አጎታችን እንግዳ መጣ ብለው በሬ እንዳይጥሉ! በአገሩ ላም መግደል ወንጀል ነው። ደግነቱ ዐቢይ ጾም ስለሚሆን በምስር እንገላገላለን፤ እነሱም ምስር ወጡን በእጃቸው ነው የሚበሉት። ከዝቋላ ስንመለስ ሶደሬ እነክረዋለሁ፤ ዋና ስለማይችል ግን ልጆቹ ወደ ጥልቁ እንዳይጎትቱት ከወዲሁ አስጠንቅቂልኝ።

ለጊዜው የምለምንሽ ጋቢና ጭኮ ነው። ብርድ ላይ ከጭኮ የሚስተካከል ስንቅ የለም፤ ቅቤውን አትሰስቺ። የምትልኪው ሰው ስታገኚ ብቻ ላስቲኩን ደራርቢው፤ ባለፈው የላክሽበት ሰውዬ ሸሚዞቹ እስካሁን ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታሉ፣ ሰላምታም አይሰጠኝ።

ወንድምሽ