ለአንድ ፊልትሮ ሦስት ፕሮፎርማ

ለመለዋወጫ ዕቃዎች ግዥ ኮሚቴ
ባላችሁበት
ሀዋሳ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የሕዝብ ገንዘብ እንዳይባክን ስለምታሳዩት ብርታት ምስጋናዬን ላደርስ ነው የምጽፈው። የመስሪያ ቤታችሁን ስም አልጠራም። አንዱን ብጠራ ሌሎቹ ተዘለልን ብለው ቅር ይላቸዋል።

በፊልትሮው ልጀምር። የብዙ አምራቾች መመሪያ የግሬደር ሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ በየ250 ሰዓቱ ይቀየር ይላል። በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ማሽን አንድ ወር ግድም ነው። ጋራዡ በሞዴል 20 ይጠይቃል። ንብረት ክፍሉ «የለም» ይላል። እናንተ ሦስት ፕሮፎርማ ይምጣ ትላላችሁ። ይመጣል፤ የአንዱ ማህተም ደብዝዟል፣ ይደገም። ሲደገም ሰብሳቢው ለሥልጠና አዳማ ሄደዋል። ሲመለሱ ፕሮፎርማው ጊዜው አልፎበታል። ብር ከዶላር ጋር የነበረው ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ነጋዴው የትናንት ዋጋውን ዛሬ አያውቀውም፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አልፎ የለ! በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ሲፈረም ማሽኑ ሁለተኛ ሰርቪሱን አልፎ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ከሦስት ፊልትሮ የሁለቱን ዋጋ አተረፋችሁ ማለት ነው። ሞተሩ የነከሰው፣ ቃለ ጉባኤው እንደሚለው፣ «በእርጅና» ነው።

አሸናፊው ያው በዝቅተኛ ዋጋ የቀረበው ነው። ካርቶኑ እንደ ኦሪጂናሉ ቢጫ ነው፤ ውስጡን ያየው የለም።

ይህ ቁጠባ በሌላ ከተማ ቢሆን ፍሬው ይዘገይ ነበር። ሀዋሳ ላይ ግን መሬቱም ይተባበራችኋል። ከተማዋና ሐይቋ ያረፉት የጥንት እሳተ ገሞራ በተወው ገንዳ ውስጥ ነው። አቧራችን ከፑሚስና ከእሳተ ገሞራ አመድ የወጣ ነው፤ ፑሚስ ደግሞ በተፈጥሮው መስታወት ነው። ረዳቱ አዲስ የአየር ፊልትሮ ስለማይሰጠው አሮጌውን ጎማ ላይ አራግፎ፣ በኮምፕረሰር ነፍቶ መልሶ ይገጥመዋል። ወረቀቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ከተከፈተች ያ መስታወት ሾልኮ ይገባና ፋሻውንና ሲሊንደሩን ይሞርዳል። ከዚያ ዘይት መብላት፣ ከዚያ ሰማያዊ ጭስ፣ ከዚያ ሙሉ እድሳት። ጥቂት የሞተር ዘይት በብልቃጥ ቀድቶ ላብራቶሪ መላክ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ያሳይ ነበር፦ ሲሊከን ከበዛ አቧራ እየገባ ነው፣ መዳብ ከበዛ ብሮንዚናው እየተበላ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ብልቃጡ ቋሚ ንብረት ነው ወይስ አላቂ ዕቃ የሚለው እስኪወሰን መታገሥ ያስፈልጋል።

ስለ ባትሪውም ላመስግን። የሎደሩ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ አዲስ መግዛት ግን ወጪ ነው። ስለዚህ ኦፕሬተሩ ጠዋት ከሌላ መኪና በኬብል ካስነሳው እስከ ማታ አያጠፋውም። ምሳ ሲበላ ይሠራል፣ ቡና ሲጠጣ ይሠራል፣ ሰሌክት የሚጭኑት ገልባጮች ሲዘገዩም ይሠራል። ናፍጣው ይነዳል። ሰዓት መቁጠሪያውም አንድ አካፋ አፈር ሳይነሳ ወደሚቀጥለው 250 ይገሰግሳል። የባትሪው ዋጋ ግን ድኗል፤ ናፍጣው በሌላ የሒሳብ መደብ ስለሚወራረድ እናንተን አይመለከትም።

ኤክስካቫተሩ ሳይት ሲቀይር ደግሞ የሎቤድ ኪራይ አይፈቀድለትም። በካቴናው አስፋልቱን እያረሰ ይሄዳል። የማሽን ሰዎች እንደሚሉት ባለ ካቴና ማሽን ከሚጠይቀው የጥገና ወጪ እስከ ግማሽ የሚደርሰው የሚሄደው ለካቴናውና ለተሸካሚዎቹ ነው። በአንድ ጉዞ መንገዱንም ማሽኑንም መጨረስ የቻለ መስሪያ ቤት ሊመሰገን ይገባዋል።

እስቲ ከቁም ነገሩ አንዲት ልናገር። ሀዋሳን በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቆረቆሯት ራስ መንገሻ ሥዩም ኋላ ትግራይን ሲያስተዳድሩ ራሳቸው ዶዘር ላይ ወጥተው መንገድ ሲጠርጉ የሚታወሱ ሰው ናቸው። መሪውን የጨበጠ ሰው፣ መስፍንም ቢሆን፣ ግራሶ ያጣ ፒን ሲያንቋርር በጆሮው ይሰማል። የእናንተ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ነው።

ጥገናን መዝለል ምን እንደሚያስከፍል አገሪቱ ቀደም ብላ ከፍላ ተምራለች። መስከረም 1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ቀድማ ከዓለም ባንክ ስትበደር 5 ሚሊዮን ዶላሩ የዋለው ለመንገድ ነበር፤ ያውም በአብዛኛው ጣሊያን ሠርቷቸው በጥገና እጦት የፈራረሱትን መልሶ ለማቆም። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ዓለምገና ላይም ኦፕሬተርና መካኒክ ሲሠለጥን ኖረ። ሰባ ዓመት አልፎን ዛሬም ግራሶ ለማውጣት አምስት ፊርማ እንፈልጋለን።

ምክንያቱ እናንተ ብቻ እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። አዲስ ማሽን የሚገዛው በካፒታል በጀት ነው፤ ርክክቡ ላይ ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይመጣል። ፊልትሮ የሚገዛው በመደበኛ በጀት ነው፤ ያም በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው የጥገናው መስመር ነው። ሰኔ ላይ ግን ገንዘቡ እንዳይመለስ ተብሎ ለየትኛውም ማሽን የማይገጥም ጎማ ይገዛል። ግቢያችሁ ውስጥ ከቆሙት ግሬደሮች መሃል አንዱ ከሌላው በወለቀ ዕቃ ሲሠራ የቆየ፣ ሌላው ለእሱ ሲባል ዕቃው ሲወልቅ የኖረ ነው። አሁን ሁለቱም ቆመዋል። የከተማውን መንገድ በሰዓት እየተከፈለው የሚደለድለው የግል ግሬደር ነው፤ የእሱ ባለቤት ፊልትሮ በ250 ሰዓት ይቀይራል፣ ኮሚቴ የለውም።

ልመናዬ አጭር ነው። የግዥ ሕጋችን የማዕቀፍ ስምምነት የሚባል መንገድ ካስቀመጠ ዓመታት አልፈዋል። የዓመቱን ፊልትሮ፣ ዘይትና ግራሶ፣ የአምራቹ ቁጥርና ደረጃ ተጽፎ፣ በአንድ ጨረታ እሰሩት። ሰዓት መቁጠሪያው 250 ሲሞላ የጋራዡ ኃላፊ በአንድ ፊርማ ያውጣ። የወጣበት ሰዓትና የተገጠመበት ማሽን በመዝገብ ይስፈር፤ ኦዲተር ይመርምረው። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን አጀንዳ አንድ አድርጉት።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሀዋሳ ግብር ከፋይ