ጠላቂውና የግሸን ዳገት

የውኃ ውስጥ ጠለቃ የዛሬ መልኩን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1943 ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን፣ በብረት ጋን የታመቀውን አየር ጠላቂው በሳበ ቁጥር መጥኖ የሚለቅ መሣሪያ ከሠሩ ወዲህ ሲሆን፣ ኩስቶ መሣሪያውን በባሕር የሞከረውም ማዕበል በማይደርስበት የሜዲትራኒያን ጠረፍ፣ በባንዶል ነበር። ወደ ግሸን ማርያም አምባ የሚወጣ ተሳላሚ በሶና ቆሎ እንደሚሰንቅ ጠላቂም ትንፋሹን ይሰንቃል፤ ስኖርክል የሚባለውን ቆልማማ ቱቦ በአፉ ነክሶ በውኃው ገጽ ላይ የሚንሳፈፈው ግን ስንቅ ሳይዝ ከደጅ የሚመለስ መንገደኛ ነው።

በግሸን አካባቢ ለጠለቃ የሚታጨው፣ ውኃውም ከተማውም በአንድ ስም «ሐይቅ» ተብለው የሚጠሩበት ሐይቅ ነው። በአፈ ታሪክ ሐይቁ የተፈጠረው አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴት በመበደሏ አገሩ በውኃ ሲዋጥ በመሆኑ፣ የልዕልቲቱን ቤት ፍለጋ ከ80 ሜትር በላይ ወደሚጠልቀው ወለል ለመውረድ የሚከጅል አይጠፋም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ግድም ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ተጨምሮበት፣ እንደሚገመተውም አልጌ የሚባሉትን ደቃቅ አረንጓዴ የውኃ ሕያዋን የሚግጡትን ደቃቃ እንስሳት ስለ ፈጃቸው፣ ቀድሞ እስከ 9 ሜትር ግድም ጥርት ብሎ ይታይ የነበረው ውኃ በኋላ ሲለካ ከሁለት ሜትር በታች ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ጠላቂው ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ቢደርስ እንኳ የሚያየው የገዛ እጁን ነው፤ እርሱንም ካቀረበው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መውጫው ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር ግድም ከፍ ብሎ ስለሚገኝ በላዩ ያለው የአየር ጫና ከባሕር ጠረፉ አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ጠላቂም በጥልቁ ጫና ናይትሮጅን የተባለው የአየር ክፍል በደሙ ስለሚሟሟ፣ ፈጥኖ ወደ ቀላል አየር ቢወጣ ጋዙ እንደ ተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ይፈላበታል። ከጠለቃ በኋላ አውሮፕላን ለሚሳፈሩ የወጣው የጥንቃቄ መመሪያ ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ሰዓት መቆየትን ስለሚመክር፣ ሰውነት ደግሞ በክንፍም ወጣ በእግር የሚለየው ነገር ስለሌለ፣ መስከረም 20 ከሰዓት በሐይቅ የጠለቀ ሰው በማግስቱ በማለዳ ለንግሥ ከሐይቁ ይበልጥ ከፍ ባለው በግሸን አምባ ላይ ልገኝ ቢል ተራራው ሳይሆን ደሙ ይከለክለዋል። በግሸን ታስረው የኖሩት የነገሥታት ልጆች እንዳይወርዱ ይጠበቁ እንደ ነበር ሁሉ፣ እርሱ ደግሞ እንዳይወጣ በገዛ ደሙ ይጠበቃል፤ ተሳላሚው በፊቱ እየተመመ ሲያልፍም ሰዓቱን እየቆጠረ፣ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልሆነ፣ ውኃውን ያደፈረሰበትን ቆሮሶ ጠብሶ መብላት ይችላል።