ተከራዩን ይላኩልን

ለክፍለ ከተማችን የቤት ግምት ኃላፊ፤
አዲስ አበባ።

ክቡር ሆይ፤

ማኅተም ያረፈበትን የግምት ወረቀት ከመስኮትዎ እጅ ነሥቼ ከተቀበልሁ ወዲህ፣ የቤቱን ስፋት፣ የቦታውን ደረጃና ዓመታዊውን የኪራይ ግምት ብቻ ተናግሮ ዝም የሚለውን ይህን ንባብ ያለ ትርጓሜ መረዳት ስላልተቻለኝ፣ መነጽሬን ሰክቼ እንደ ጉባኤ ቤት ተማሪ ለአንድምታ ተቀመጥሁ።

በካርታዬ ላይ 84 ካሬ ሜትር የሆነው ቤት በእርስዎ ወረቀት 112 ሆኗል። አንድም፣ ቤቱ በክረምቱ ዝናብ አድጓል፤ አንድም፣ የዶሮው ቆጥና የውሃው ሮቶ ከሳሎን ተቈጥረዋል፤ አንድም፣ ሜትር የያዘው ባለሙያዎ በሩን ሳያንኳኳ ከአጥር ውጭ ቆሞ በዓይነ ልቡና ለክቶታል። ጎረቤቶቼ ይህን የመጨረሻውን ያጸናሉ። የቦታው ደረጃ ግን ከትርጓሜ በላይ ስለሆነ፣ በሐምሌ ጭቃ ጫማዎን በእጅዎ ይዘው እስኪጎበኙን ድረስ በይደር ትቼዋለሁ።

ግብር አይከፈል የምል ሰው አይደለሁም፤ መንገድ በምኞት አይጠረግም። ከአዋጅ ቁጥር 80/1968 ጀምሮ ቤት የሚገበረው ቢከራይ በሚያወጣው ዓመታዊ ኪራይ ተገምቶ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ በ2015 ዓ.ም. ከተማችን ግምቱን በዘመኑ ኪራይ ሲያድስም፣ ያረጀ ግምት መታደሱን አልነቀፍሁም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ ዓይኑን ወደ ገበያ ዋጋ አዙሯል፤ ማለትም፣ በጡረታ አበል የሚተዳደር ሽማግሌ፣ ሊሸጠው በማያስበው ቤት ሀብታም ይባላል። የመቃብር ስፍራ ከግብር ነጻ መሆኑን ባነበብሁ ጊዜ ለሽማግሌ የተተወውን ምሕረት አደነቅሁ እንጂ፣ ልጠቀምበት አልቸኮልሁም።

ስለዚህ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ባለሙያዎ በሩን አንኳኩቶ ይግባና ከካርታው ጋር አስተያይቶ እንደ ገና ይለካ፤ ለአንድ ካሬ ሜትር ስንት ብር እንደ ታሰበ፣ የጭቃ ግድግዳዬም እንደ ብሎኬት ተቈጥሮ እንደ ሆነ፣ ስሌቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ፤ የምከራከርበትን ሳላውቅ ቅሬታ ማቅረብ ጸሎት እንጂ ሙግት አይሆንምና።

ሁለተኛው፣ ወረቀትዎ የሚናገርለትን ኪራይ ለዚህ ቤት የሚከፍል ሰው መሥሪያ ቤትዎ በርግጥ የሚያውቅ ከሆነ፣ እባክዎ ስልኬን ይስጡልኝ። ቁልፉን በዚያው ዕለት አስረክቤ፣ ራሴ በግማሹ ሌላ ቤት ተከራይቼ፣ ግብሩንም ሳልጎተት እከፍላለሁ። ለእርሱ የምነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝናብ በጣለ ጊዜ በመኝታ ቤቱ ማዕዘን ባልዲ ይደቀናል፤ ባልዲው በኪራዩ ውስጥ ይታሰብለታል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የግቢ ባለቤት።