የጋቢሽ ነገር

ፍራንክፈርት፣ በጥር ወር

ለውድ እናቴ፣

እኔ ከናፍቆትሽና ከብርዱ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱን ከናፍቆትሽ አስቀድሜ ልጽፈው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ የእንጦጦ ንፋስ እዚህ ቢመጣ ኮት ያስወልቃል።

«ቋንቋው እንዴት ሆነልህ?» ላልሽኝ ጉዴን ስሚ። ባለፈው አምፖል ተቃጠለብኝና መሰላል መዋስ ፈለግሁ። ጀርመኖች «ላይሄን» የሚሉት ቃል አላቸው፤ መዝገበ ቃላቴን ባየው «መዋስ» ይላል። «መሰላል፣ ላይሄን» ብዬ ከነበር ቁጥሬ ጽፌ ደረጃው ሥር ለጠፍኩ። ማታ በሬ ተንኳኳ። ከላይኛው ፎቅ አንዲት አሮጊት መሰላሉን ሊወስዱ መጥተዋል። ቀጥሎ አንድ ተማሪ፣ ከዚያ ሕፃን ያዘለ አባወራ። ለካ ቃሉ መዋስም ማዋስም ኖሯል! አንድ መሰላል ፈልጌ መሰላል የሌላቸው ሦስት ጎረቤቶች አገኘሁ። ስቶክሆልም ላለችው የአክስቴ ልጅ ብነግራት፣ የስዊድኖቹም «ሎና» እንደዚያው ነው ብላ ሳቀችብኝ። እንግሊዞችም «ሬንት» ሲሉ አከራይ ይሁኑ ተከራይ ጠይቀሽ ነው የምትረጂው።

የኛ እኮ በአንዲት ፊደል ይለያል። ተበደረ፣ አበደረ። ተዋሰ፣ አዋሰ። «ተ» ካለ እጁን ዘርግቷል፣ «አ» ካለ ኪሱን ዳብሷል።

ይህን ሰዋስው የተማርኩት አንቺ ጓዳ ነው። «ሂድና ከእትዬ ቤት አንድ ሲኒ ስኳር ተበደርልኝ፤ በዚያው ወንፊት ተዋስልኝ» ትይኝ ነበር። ስኳሩ ይጠጣል፤ የሚመለሰው ሌላ ስኳር ነውና ብድር ነው። ወንፊቱ ግን ያው ራሱ፣ ጠርዙ በክር የተሰፋው፣ ተመልሶ መግባት አለበት፤ ውሰት ነው። አንድ ቀን ተሳስቼ «ስኳር አውሱን» ብላቸው፣ «ፍሬዋ ሳትጎድል የምትመልሳት ከሆነ ውሰድ» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩብኝ። እሳት መጫር ብቻ ከሁለቱም ውጭ ነበር። ፍም የሰጠ ሰው መልስልኝ አይልም።

የቋንቋ መምህራን ከባዕድ የመጣን ቃል «የውሰት ቃል» ሲሉት ታዲያ የሰፈራችን ነገር ያሳስበኛል። ፈረንሳዮቹ ለጋሲዮናቸውን ኤምባሲ ካሉት ስንት ዘመኑ፤ እኛ ግን ዛሬም ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነን። ውሰት ከሆነ መመለስ ነበረብን፣ ባለቤቶቹ ረሱት። ከበላያችን ያለው ባሕር ዛፍስ? በምኒልክ ዘመን የእንጦጦ እንጨት አልቆ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ማዛወር ታስቦ ነበር፤ አዲስ አበባን ያተረፋት ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። እሱም እንደኔ ባሕር ተሻጋሪ ነው፤ ብቻ የመኖሪያ ፈቃድ አሳይ አላሉትም።

በሰው ቋንቋ ስስቅ በራሴ ተሳቀብኝ። መሰላሉን በመጨረሻ ያዋሱኝን ሽማግሌ ላንድ ያገሬ ልጅ እያሳየሁ፣ «የኚህን ሰውዬ ብድር ሳልመልስ አልቀርም» ብለው፣ «ተው እንጂ! ምን አድርገውህ ነው?» ብሎ ክንዴን ያዘኝ። እውነቱን ነው፤ ብድር መመለስ ውለታም ነው፣ በቀልም ነው። «ዋጋውን አገኘ» ሲባልም ሽልማት ይሁን ጥፊ የሚያውቀው የቀመሰው ነው።

ወንድሜ በስልክ «ትንሽ ዩሮ አውሰኝ» ብሎኛል። ውሰት ከሆነ የምቀበለው ያንኑ ኖት፣ ቁጥሩ ሳይለወጥ ነው በይው። ብድር ከሆነ ቀን ይቁረጥ። እሳት መጫር ከሆነ ግን እንደዚያ ብሎ ይንገረኝ፤ እልክለታለሁ።

አሁን ወደ ጋቢሽ ልምጣ። ቦሌ ስትሸኚኝ «እስክትመለስ አውሼሃለሁ» ብለሽ ትከሻዬ ላይ ጣል ያደረግሽውን። ደህና ነው ወይ ብለሽ ሦስት ጊዜ ጠይቀሽኛል፤ ሦስት ጊዜም ወሬ አስለውጬሻለሁ። አንዱ ጫፉን ካውያ በልቶታል፣ መዳፍ ያህል። እባክሽ እማዬ፣ ውሰቱን ወደ ብድር አዙሪልኝ፤ ስመጣ ከሽሮ ሜዳ አዲስ ገዝቼ ልተካልሽ።

ልጅሽ