ሐተታ በእንተ ዖፈ መስቀል

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች መኖራቸውን የዘርፉ መጻሕፍት ቢመዘግቡም፣ ቀጠሮ አክባሪ ተብሎ በሕዝብ ዘንድ የተመሰከረለት አንዱ ብቻ ሲሆን እርሱም የመስቀል ወፍ ነው። ይህ ወፍ ዓመቱን ሙሉ ማንም ወደማያውቀው አገር ሄዶ እንደሚቆይ፣ ዝናቡ ሲያባራና አደይ አበባ ሲፈነዳ እንደሚመለስ፣ ደመራው ተለኩሶ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ እንደሚሰወር በሰፊው ይታመናል። ሄደበት የተባለውን አገር አየሁ የሚል ምስክር ግን እስካሁን አልቀረበም። የዚህ ሐተታ ዓላማ ምስክር የጠፋበትን ምክንያት መመርመር ሲሆን፣ ለምርመራው የተመረጠው ስፍራ ከእንጦጦ ጀርባ የተዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ ነው፤ ለምርጫው የቀረቡት ምክንያቶች ሜዳው በክረምት ውኃ የሚተኛበት መሆኑ፣ በመስከረም ሣሩ መርዘሙና ተመራማሪው ለምሳ አዲስ አበባ መድረስ መቻሉ ናቸው።

በቅድሚያ የተጠኚውን ማንነት መወሰን ያስፈልጋል። የመስቀል ወፍነት እንደየአገሩ ለተለያዩ ወፎች የሚሰጥ ማዕረግ እንጂ የአንድ ዝርያ የግል ሀብት አይደለም፤ በደጋው ጥቁር ለብሶ ትከሻውና ወገቡ ላይ ቢጫ ጣል ያደረገው፣ ዝቅ ባለው አገር እሳት የመሰለው ቀዩ፣ ደግሞም ከገላው የሚረዝም ጅራት እየጎተተ የሚበረው ጥቁርና ነጭ ወፍ፣ ሁሉም ማዕረጉን ይዘው ተገኝተዋል። ሊቃውንቱ ቪዱዋ ማክሮውራ የሚሉት ይህ የመጨረሻው፣ ጅራቱ ብቻ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሴቶቹ እንቁላላቸውን በሌሎች ትንንሽ ወፎች ጎጆ ውስጥ ጥለው ስለሚሄዱና ጫጩቶቹን ባለጎጆዎቹ ስለሚያሳድጉለት፣ ወንዱ የልጅ ወጪ የለበትም፤ ከዚህ የተረፈውም ሁሉ ለጅራቱ እንደዋለ መገመት ይቻላል።

የማዕረጉ ባለቤቶች በመልክ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ አንዳቸውም የትም አይሄዱም። በበጋ ወራት ወንዱ ከሴቷ ብዙም የማይለይ፣ ድንቢጥ መሳይ፣ ቡናማ ሽንትር ያለበት ወፍ ሆኖ እዚያው ሜዳ ላይ ፍሬ ሲለቅም ይውላል። ዝናብ ሲመጣና ሣሩ ማፍራት ሲጀምር ግን በሰውነቱ ውስጥ ያለው ሆርሞን ይነሣና ላባ መለወጥ ይጀምራል፤ ላባ መለወጥ ማለት አሮጌው ላባ እየረገፈ በአዲስ የሚተካበት ሂደት ሲሆን፣ ለወንዱ የመስቀል ወፍ ይህ ከአዲስ ልብስ ግዥ ጋር አንድ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ልብሱ የሚጠናቀቀው መስከረም እስኪጠባ ሳይጠበቅ፣ ገና ክረምቱ ሳይወጣ መሆኑ ነው። በዚያ ወቅት ሜዳው ጭቃ፣ ሰማዩ ደመና ስለሆነና ሰው ቤቱ ገብቶ እሳት ስለሚሞቅ ወፉን የሚያየው የለም፤ መስከረም ጠብቶ ሰው ሲወጣ ወፉ መጣ ይባላል። ከሁለቱ ወገን በትክክል ተሰውሮ የከረመው የትኛው እንደሆነ መወሰን ለአንባቢ የተተወ ነው።

በዚሁ በመስከረም ወር፣ በዚሁ ሜዳ፣ እውነተኛ ተጓዦች ይደርሳሉ። ተጓዥ ወፍ የሚባለው በአንድ አገር ተራብቶ ብርዱን ለማሳለፍ ወደ ሌላ አገር የሚሄድና በየዓመቱ የሚመላለስ ወፍ ነው። ከእነዚህ አንዷ ሞታሲላ ፍላቫ፣ ማለትም ጅራቷን ያለማቋረጥ የምትወዘውዘው ሆደ ቢጫ ወፍ ስትሆን፣ ከወገኖቿ ገሚሶቹ ከስካንዲኔቪያና ከሩስያ ተነሥተው፣ ባሕርና በረሃ አቋርጠው፣ 17 ግራም ገደማ የሚመዝን ገላቸውን ይዘው ምሥራቅ አፍሪካ ይገባሉ። ሌላው ኦይናንቴ ኦይናንቴ የሚባለው፣ ድንጋይና ጉብታ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም የሚወድ፣ ሲበር ነጭ ወገቡን የሚያሳይ ወፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ አላስካ ውስጥ ከተራቡት የዚህ ዝርያ ወፎች በጥቂቶቹ ጀርባ ላይ ትንንሽ መሣሪያዎች አስሮ፣ በሩስያና በዓረብ በረሃ በኩል 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል በሦስት ወር ግድም ተጉዘው ምሥራቅ አፍሪካ መግባታቸውን አረጋግጧል። ሱሉልታ ድንጋይ ላይ የቆመው ከአላስካ ይምጣ ወይም ከዚያ ቀረብ ካለ አገር፣ መልኩን አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ራሱም ስለጉዞው የሚናገር ዓይነት አይደለም።

ስለነዚህ ተጓዦች ግን ችቦ አልበራም፣ ተረት አልተተረተም። የዚህ ምክንያቱ የአለባበስ ጉድለት ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለቱም የሚደርሱት የአገራቸውን የበጋ ልብስ አውልቀው፣ ደብዝዘው፣ የመንገድ ልብስ በሚባለው ላባ ነው። ሆደ ቢጫዋ ይባስ ብላ፣ ከበዓሉ ወራት በኋላ፣ ወደ ጥርና የካቲት ግድም፣ የሠርግ ልብሷን እዚሁ ትለብስና ለሠርጉ አውሮፓ ትሄዳለች። እንዲህ ያለው ምግባር የአስተናጋጅን ሞራል የሚነካ ሲሆን፣ የአገሬው ዝና ላልተጓዘው ወፍ መሰጠቱን ቢያንስ በከፊል ያስረዳል።

የሚገርመው፣ በሌላው የዓለም ጫፍ የተሠራው ስሕተት የዚህ ግልባጭ ነው። አርስጣጣሊስ ከ2,300 ዓመታት በፊት ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ፣ በሞቃት ወራት የሚታየው ጅራተ ቀይ ወፍ ብርድ ሲመጣ ወደ ደረተ ቀይ ወፍ ይለወጣል ብሎ አስተምሯል፤ በእርግጥ የሆነው ግን አንዱ ወደ አፍሪካ ሲሄድ ሌላው ከሰሜን መምጣቱ ነበር። ፈላስፋው የሚሄደውን ወፍ ይለወጣል ሲል፣ የእኛ አገር ሰው የሚለወጠውን ወፍ ይሄዳል አለ። አርስጣጣሊስ ትምህርቱን ይዞ ሱሉልታ ቢወጣ ኖሮ ሙሉ በሙሉ ትክክል ይሆን እንደነበር ለክብሩ ሲባል መመዝገብ አለበት። አውሮፓውያንም ቢሆኑ በወፍ ጉዞ እስኪያምኑ ብዙ ዘግይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን ውስጥ ክሉትዝ አጠገብ የተገደለ ራዛ የመካከለኛው አፍሪካ ጦር አንገቱ ላይ እንደተሰካ መገኘቱ ክርክሩን ብዙ አቃልሏል። ወፉ እስካሁን በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ሲኖር፣ ማስረጃውን ያቀረበው ጦረኛ ስም ግን በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም።

ስለ ተመልካቹም ጥቂት መባል አለበት። ተመልካች የሚባለው ወፍን ሳይበላው፣ ሳያጠምደውና ከሰብል ሳያባርረው ለረጅም ሰዓት የሚያይ ሰው ነው። መለያው ኪሱ የበዛ ሰደርያ፣ ሰፊ ባርኔጣና አንገት ላይ የተንጠለጠለ መነጽር ሲሆን፣ የበሰለው ዓይነት በሦስት እግር የቆመ ቴሌስኮፕ ይጨምራል። ችግር የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው፤ የመሬት ቀያሽም መሣሪያውን የሚያቆመው በሦስት እግር ነውና፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለ ሜዳ ላይ ባዶ መሬት ትኩር ብሎ የሚያይ ሰው ከሩቅ ሲታይ ወይ ቀያሽ ወይ ደላላ መሆኑ አያጠራጥርም። ስለዚህ የአካባቢው ሰው ሲጠጋ የሚያቀርበው ጥያቄ የወፉን ዓይነት ሳይሆን ካሬው በስንት ሊሄድ እንደሆነ የሚመለከት ነው፤ ወፍ እያየሁ ነው የሚለው መልስም እንደ ብልሃት ይቆጠራል። ከተመልካቾች ሁሉ የላቀው በአንጻሩ ምንም መሣሪያ የለውም፤ እርሱም እረኛው ነው። ሆደ ቢጫዋ ከብቱ ሲረግጥ ከሣሩ የሚነሣውን ነፍሳት ለመልቀም እግር እግሩን ስለምትከተል፣ እረኛው ከመስከረም እስከ መጋቢት ከአውሮፓ እንግዳ ጋር ውሎ ይገባል፤ ማታ እራት ላይ ግን ጉዳዩን አያነሣውም።

ውጤቱ በሰው ላይም ሊሠራበት ይችላል። በመስቀል ሰሞን መርካቶ የሚቀዘቅዘው የጉራጌ ልጆች ለበዓሉ ወደ አገር ቤት ስለሚጎርፉ ሲሆን፣ ይህ በቀን የተወሰነ፣ መንገዱ የታወቀና ምላሽ ያለው እንቅስቃሴ በመሆኑ እውነተኛ ጉዞ ነው። በዓመት አንዴ ከአሜሪካ የሚመጣው አጎትም በሻንጣው ክብደት ተጓዥነቱ ይረጋገጣል። የመስቀል ወፍ ተብሎ ሊመዘገብ የሚገባው ግን ከአስተናጋጁ ቤት ሁለት ሰፈር ዝቅ ብሎ የሚኖረው፣ በአንድ ታክሲ መስመር የሚሳፈረው፣ ክትፎው በሚደርስበት ሰዓት አዲስ ልብስ ለብሶ በራፍ ላይ የሚገኘው ዘመድ ነው። ጠፋህ ሲባል መንገዱን ያማርራል።

ጥቅምትና ኅዳር የሱሉልታ ሣር ታጭዶና ተከምሮ ይሸጣል፤ ወንዱ ወፍም ጥቁሩን ላባ ቀስ በቀስ ያራግፋል። በየካቲት ከሚስቶቹና ከጎረቤቶቹ ጋር ሽቦ አጥር ላይ ተደርድሮ ሲቀመጥ፣ ከአውሮፓ ወፍ ለማየት የመጣው ሊቅ እስከ አሥር እጥፍ በሚያቀርብ መነጽር አተኩሮ ያየውና፣ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ገልጦ፣ በማስታወሻው ላይ “ቡናማ፣ ትንሽ፣ ያልታወቀ” ብሎ ይጽፋል።