ኃምሳኛ ልደቴ በ42 ዓመቴ

ዶሮ ታቅፎ በሚኒባስ መሄድ እናውቅበታለን። የጠላ ጀሪካን በእግር መሀል መያዝም እንዲሁ። ኬክ ግን እንዴት እንደሚያዝ ማንም አላስተማረንም።

እኔና አብሮ አደጌ የተወለድነው አንድ ቀን ነው፤ እንፍራንዝ፣ እሁድ፣ ኅዳር 12 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ዘመነ ማቴዎስ። እናቶቻችን ጎረቤት ናቸው። አዋላጇ ከአንዱ ቤት ወጥታ ሌላው ገባች፤ ከዚያ ሰባት እልልታ፣ ከዚህ ሰባት እልልታ። ማን ይቀድማል በሚለው እስከ ዛሬ አልተስማማንም። አዋላጇም አርፋለች።

እሱ በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ፤ ከሱዳን አሜሪካ ተሻገረ፤ አሁን ዴንቨር ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ለኅዳር ሚካኤል ይደውል ነበር። ኋላ ጥሪው ወደ ጃንዋሪ 1 ዞረ። ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሐበሻ ብዛቱ! በዚያ ቀን ስልኬ የእገሌ ልደት፣ የእገሊት ልደት እያለ ሲንጫጫ ይውላል፤ አገር ምድሩ በአንድ ሌሊት ምጥ የያዘው ይመስላል። የልደት ወረቀት የሌለው ስደተኛ ሲመዘገብ ዓመቱ ተጠይቆ ቀኑ በዚያው ይሞላለታል። የእኔን ጓደኛ ደግሞ ዓመቱንም አልመነዘሩለትም፤ 1969 ቢላቸው የፈረንጅ 1969 ብለው ጻፉት። እናም የአንድ እሁድ ልጆች ሆነን ሳለ፣ በወረቀት ስምንት ዓመት ሊሞላ አርባ አንድ ቀን ሲቀረው ይበልጠኛል።

በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ደወለ።

«ኃምሳ ልንሞላ ነው!»

«እነማን?»

«እኛ ነን እንጂ!»

ብር ላከ። ከጎንደር ኬክ ገዝቼ 50 አስጽፌበት፣ እሱ እዚያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲቆርስ እኔ እዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እንድቆርስ ታዘዝኩ።

«የጾም ይሁን የፍስክ?» አለችኝ የኬክ ቤቷ ልጅ። ይኸው ሌላው ጣጣ። የወረቀት ልደቱ ምንጊዜም ጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል። እውነተኛው ልደታችን ግን ጾሙ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ስለሆነ ዶሮ ወጥ ያስበላል። (ያን ዓመት ረቡዕ ዋለ፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።) የጾም አልኳት።

«ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

«ኃምሳ? ጋሼ፣ ኧረ አይመስሉም!»

የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። አዘዞን ሳናልፍ ከጎኔ የተቀመጡ አባት «ጫማ ነው?» አሉኝ።

«ኬክ ነው፣ አባቴ።»

«ልጅህ ልደቱ ነው?»

«የራሴ ነው።»

ዝም አሉ። ጠዳን ካለፍን በኋላ፣ ሲያስቡበት ቆይተው፣ «ሚስት አላገባህም እንዴ?» አሉኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ ብል ያባብሰዋል ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ማክሰኚት ስንደርስ የሽምብራ እሸት የያዙ ልጆች መኪናውን ከበቡት። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ካርቶኑ ወደፊት፣ እኔ በላዩ። አባት ሦስት እስር ሽምብራ ገዝተው፣ ቦታ አጥተው ካርቶኑ ላይ አስቀመጡት። እየፈለፈሉም እስከ እንፍራንዝ ጋበዙኝ። እኔም በላሁ፤ ኬኬ ላይ ተደርድሮ እንዴት እምቢ ይባላል?

ሰዎች «ምናለበት፣ ቀን ነው፣ ያው ነው» ይሉኛል። እሱም ይላል። ያው አይደለም! የተመዘገበ ዕለት የተጠየቀውን ነግሮኛል። «የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ እሁድ» ብሎ መለሰ። አስተርጓሚው ወደ ጸሐፊው ዞሮ «አያውቀውም» አለ። ወሩን የሚያውቅ፣ ዕለቱን የሚያውቅ፣ ታቦቱን የሚያውቅ፣ ቢጠይቁት ወንጌላዊውን የሚነግር ሰው «አያውቀውም» ተብሎ ተጻፈበት! ልደት አናከብር ይሆናል እንጂ መች እንደተወለድን ጠፍቶን አያውቅም። ላሊበላ ልደቱ ከጌታ ልደት ጋር ታኅሣሥ 29 ገጥሞ አብሮ ይከበራል፤ ተጨናነቀ ብሎ ቀን የለወጠለት የለም። የእኔ ጓደኛ ግን የሚካኤል ልጅ ሆኖ ሳለ ታኅሣሥ 23 ለጊዮርጊስ ተሰጠ። ጊዮርጊስን ጠልቼ አይደለም። ግን ይጠየቃል!

እሱ ደግሞ ይባስ ብሎ ይኩራራብኛል። «ከተማው በሙሉ ርችት ይተኩስልኛል» ይላል። ለእኛስ? በ1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ አገር ከፈጀ ወዲህ ኅዳር ሲታጠን እየተባለ በየሰፈሩ ቆሻሻ የሚቃጠለው በማን ቀን ነው? እሱ ርችት ካለው እኔ ጭስ አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት እናቱ ቤት ተሰበሰብን። ስልኩን በስኳር ዕቃ አስደግፌ ካርቶኑን ከፈትኩ። እሱ በወረቀት ኮፍያ ብቅ አለ፤ ከኋላው ርችቱ ይንጣጣል።

«ዜሮዋ የት ገባች?»

«ክዳኑ ላይ ናት።»

እናቱ ጎንበስ ብለው አዩ። «አምስት ምንድን ነው?»

«ዕድሜያችን ነው፣ እማማ።»

«እሱስ አልበዛም» አሉና ተቀመጡ። ነገሩን ሳስረዳቸው፣ እኔ የምናደደውን ያህል ይናደዳሉ ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ከኅዳር 12 አርባ ቀን ቆጥረው ታኅሣሥ 21 ማርያም ላይ ቆሙ።

«ክርስትና የተነሣችሁበት ነው። ክርስትናውን ነው የጻፉለት፤ ሁለት ቀን ሳቱ እንጂ ደህና ሰዎች ናቸው።»

እሱ ዴንቨር ላይ አጨበጨበ። እኔ ጸሐፊውና አስተርጓሚው እንዲህ በርካሽ መታለፋቸው አልተዋጠልኝም፤ ኬኩም እንቁላል የሌለው ነውና እሱም አልተዋጠልኝም። በቡና አወራረድኩት።

ቀጥሎ ስልኩን ይዤ እንድወጣ ለመነኝ፤ ልጅ ሆነን ጥጃ የምንጠብቅበትን የጉዛራን ግንብ ማየት አማረው። ወጣሁ። ወደ ግንቡ ሳዞርለት ምስሉ ይቆራረጣል፤ ወደ ጣና ሳዞርለት ጭጋግ ነው። የመንገዱ ዳር ብቻ ጥርት ብሎ ታየው።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ያቺ ልጅ የያዘችው ሽምብራ ነው? እስሩ ስንት ገባ?»

ትናንት አባት ስንት እንደከፈሉ ልብ አላልኩም። መንገዱን ተሻግሬ ልጠይቅለት ሄድኩ።